ከግርጌ የታየ ተራራ፦ የዱ ፉን ስምንት ስንኞች እንዴት እናጣጥም?

ታይ የተባለው የቻይና ተራራ ቁመቱ 1,545 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን እየጠጣ ይህን የሚያነብ ሰው ታይ ጫፍ ላይ ከቆመ ቻይናዊ በብዙ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እዚያው ቻይና ውስጥም ከታይ የሚረዝሙ ተራሮች ሞልተዋል፤ አምስቱ የተቀደሱ ተራሮች ከሚባሉት መካከል እንኳ በምዕራብ የሚገኘው ኋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ሆኖም ለቻይናውያን የተራሮች ሁሉ አለቃ ታይ ነው። ስለ ተፈጥሮ ግርማ ከተገጠሙት ጥንታዊ ግጥሞቻቸው መካከልም ተማሪው በቃሉ ከሚወጣቸው አንዱ ስለዚህ ተራራ የተገጠመ ነው፦ ስምንት ስንኝ፣ በየስንኙ አምስት ቃል፣ በድምሩ 40 ቃል።

ገጣሚው ዱ ፉ ይባላል። የተወለደው በ712፣ የሞተው በ770 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ የቻይና ታላቁ ገጣሚ ማን ነው የሚል ክርክር ሲነሣ ከወዳጁ ከሊ ባይ ጋር የሚፎካከረው እሱ ነው። ይህን ግጥም የገጠመው ግን በ736 ገደማ፣ ገና ማንም ሳያውቀው፣ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሳለ ነበር። መንግሥት ሹማምንቱን የሚመርጥበትን ፈተና ተፈትኖ ወድቋል። አያቱ ስመ ጥር ገጣሚ ነበሩ፤ አባቱ ደግሞ ከታይ ብዙም በማይርቅ አውራጃ ሹም ነበሩ። ወጣቱ ዱ ፉ በዚያ አካባቢ ፈረስ እየጋለበ፣ እያደነ፣ እንደ ልቡ እየዞረ ጥቂት ዓመታት አሳለፈ። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ በስተርጅናው ያንን ዘመን መለስ ብሎ በግጥም አስታውሶታል።

የግጥሙ ርእስ «ዋንግ ዩዌ» ነው፤ የተቀደሰውን ተራራ አሻግሮ መመልከት እንደ ማለት ነው። መውጣት አላለም፤ መመልከት ነው ያለው። ሐሳቡን እንዲይዝ እንጂ ዜማውን እንዲተካ ሳልሞክር እንዲህ መልሼዋለሁ፤ «ዳይ» ያለው ራሱን ታይን ነው፦

እስቲ የተራሮች አለቃ ዳይ እንዴት ያለ ነው?
በቺም አገር በሉም አገር አረንጓዴው አላልቅ አለ።
ፍጥረትን የሚሠራው ኃይል ውበትን ከምሥጢር ጋር እዚህ አከማቸ፤
ጥላው ጎንና ፀሐዩ ጎን ምሽትን ከንጋት ቆርጠው ለዩ።
ደረት ይታጠባል፣ ደመና በደመና ላይ ሲወለድ፤
የዓይን ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ወፍ ወደ ማደሪያው ሲገባ።
አንድ ቀን ግድ ነው ከጫፉ ጫፍ ላይ መውጣቴ፣
ተራሮች ሁሉ ሲያንሱ በአንድ እይታ ማየቴ።

አንዴ አንብቦ «ይሄ ነው እንግዴ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ትልቅ ተብሎ የተወራለት ግጥም በሌላ ቋንቋ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን የመጣ ይመስላል። እዚህ ግን የጎደለ የሚመስለው ነገር ሆን ተብሎ የተተወ ነው። በ40ዎቹ ቃላት ውስጥ «ትልቅ» የሚል ቃል የለም። «ከፍተኛ» የሚልም የለም። ይባስ ብሎ «ተራራ» የሚለው ቃል የሚገኘው በመጨረሻው ስንኝ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሌሎቹ ተራሮች ስም እንጂ የታይ አይደለም። ዱ ፉ የተራራውን ግዝፈት አንድም ጊዜ ሳይናገር ግዝፈቱን ያሳየናል። እንዴት እንደሚያደርገው ማየት ነው ግጥሙን ማጣጣም ማለት፤ ለዚህም ሁለት ጥያቄ ይዞ መሄድ ይበቃል፦ ተመልካቹ የቆመው የት ነው? ተራራውስ ምን እያደረገ ነው?

በቅድሚያ ስለ ተራራው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ታይ በምሥራቅ ቻይና በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ይገኛል። ግርጌው ላይ ያለችው የታይአን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 150 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ስለዚህ ተራራው ከዝቅተኛ ሜዳ ተነሥቶ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ዓይን ከፍታን የሚለካው ከባሕር ወለል ሳይሆን ከቆመበት ስለሆነ፣ ከሜዳው ሽቅብ ለሚያይ ሰው ታይ ሰማይን የሚገፋ ነው። በዚያ ላይ ምሥራቅ ፀሐይ የሚወጣበት ማዕዘን በመሆኑ ከአምስቱ የተቀደሱ ተራሮች የምሥራቁ ታይ በክብር ይቀድማል።

ነገሥታቱም ይህን ክብር ያውቁ ነበር። ቻይናን አንድ ያደረገው የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ በ219 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ታይ ወጥቶ ለሰማይና ለምድር ታላቁን መሥዋዕት አቅርቧል። የሃን ሥርወ መንግሥቱ ዉ በ110 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ተከተለው። ከዱ ፉ ግጥም አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ725፣ ዱ ፉ የኖረበት የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሽዋንዞንግ ከነአጀቡ ወጥቶ ይህንኑ ሥርዓት ፈጽሟል፤ በማግሥቱ ዓመት ቃሉ በገደሉ ፊት ላይ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። ዱ ፉ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ገጣሚ ወደ ታይ ግርጌ ሲደርስ ከፊቱ ያለው ዝም ብሎ ድንጋይና ደን አልነበረም፤ የአገሪቱ ትልቁ መሠዊያ ነበር። እንደዚያ ባለ ቦታ ለቆመ የሹም ልጅ፣ ያውም ሹመት ለሚፈልግ የሹም ልጅ፣ ቀላሉ ነገር ንጉሡን ማወደስ ነው። ግጥሙ ውስጥ ግን ንጉሥ የለም፣ መሥዋዕት የለም፣ አጀብ የለም። ያ ሁሉ ክብር የገባው በሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ዳይ ዞንግ»። «ዳይ» የታይ ጥንታዊ ስም ነው፤ «ዞንግ» ደግሞ የዘር አባት፣ አለቃ፣ የበላይ የሚል ስሜት አለው። ስሙን በማዕረጉ ከጠራ በኋላ ገጣሚው ወደ ዓይኑ ይመለሳል።

አሁን ወደ ስንኞቹ እንግባ።

መጀመሪያው ስንኝ ጥያቄ ነው። ያውም ለማንም ያልተሰነዘረ፣ ሰው ከሩቅ የሰማውን ነገር ሊያይ ሲቃረብ ለራሱ የሚያጉረመርመው ዓይነት ጥያቄ፦ «እስቲ እንዴት ያለ ነው?» በመካከሉ «ፉ» የምትል ትንሽ ቃል ገብታለች፤ ራሷን ችላ ትርጉም የላትም፣ ድምፅን ለአፍታ ከማንጠልጠል በቀር። አንባቢው ስለ ቁመት መልስ ይጠብቃል። ሁለተኛው ስንኝ የሚመልሰው ግን በቀለምና በአገር ነው፦ ቺን አልፎ፣ ሉን አልፎ፣ አረንጓዴው አላለቀም።

ቺና ሉ ተራ የቦታ ስሞች አይደሉም። በጥንት ዘመን ጎረቤታሞች የነበሩ መንግሥታት ናቸው፤ ዱ ፉ ሲገጥም ሁለቱም ከጠፉ ከ900 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ፈላስፋው ኮንፊሽየስ የተወለደው በሉ ነው። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ከታይ ፀሐያማ ጎን ሉ፣ ከጥላው ጎን ቺ እንደሚገኙ ጽፏል፤ ማለትም ተራራው ራሱ ድንበር ነበር። ዱ ፉ ይህን የሚያውቅ አንባቢ ይዞ ነው የሚናገረው። ተራራውን በሜትር ወይም በክንድ አልለካውም፤ በመንግሥታት ለካው። ሁለቱንም አገር ብትሻገር የታይ አረንጓዴ ገና ይከተልሃል ነው የሚለው። «ቺንግ» የሚለው ቃል አረንጓዴና ሰማያዊ የሚቀላቀሉበትን፣ ከሩቅ የሚታይ ጋራ የሚለብሰውን ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ገና ሩቅ ነን። ገደሉ አይታይም፣ ዛፉ አይታይም፤ የሚታየው ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ቀለም ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ ያስጠጉናል። ሦስተኛው በእኔ አስተያየት ከስምንቱ ደካማው ነው፤ ተፈጥሮ ውበቱንና ምሥጢሩን ሁሉ እዚህ አከማቸ የሚለው አባባል በማንኛውም ውብ ተራራ ላይ ሊባል ይችላል። ለእኛ አንባቢዎች ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለው። «ፍጥረትን የሚሠራው ኃይል» ብዬ የመለስኩት «ዛውኋ» በእኛ ልማድ እንደምናስበው ቃል የሚናገር፣ የሚፈርድ፣ የሚምር ፈጣሪ አይደለም። ነገሮችን ሲሠራና ሲለዋውጥ የሚኖር፣ ፊት የሌለው ኃይል ነው። ስንኙን እንደ መዝሙረ ዳዊት ውዳሴ ካነበብነው ያልተባለ ነገር እንጨምርበታለን።

አራተኛው ስንኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ዪን» እና «ያንግ» ዛሬ በዓለም ዙሪያ የፍልስፍና ስም ሆነው በየጌጡና በየልብሱ ላይ ይሳላሉ፤ መነሻቸው ግን ጋራ ነው። ዪን ፀሐይ የማያገኘው ሰሜናዊ ጎን፣ ያንግ ፀሐይ የሚመታው ደቡባዊ ጎን ነው። ዱ ፉ ሁለቱን ቃላት ወደ ተራራቸው መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግሥ ነው ስንኙን የተሸከመው፦ «ግ»፣ ቆረጠ። የዚህ ቃል የጽሕፈት ምልክት በቀኝ በኩሉ የቢላዋ ምልክት አለው፤ የሚያነበው ሰው ስለቱን በዓይኑ ያየዋል። ሌላ ገጣሚ ቢሆን ኖሮ ጥላ ወደቀ፣ ብርሃን ፈነጠቀ ይል ነበር። ዱ ፉ ግን ተራራውን ቢላዋ አደረገው፤ ቀኑ ደግሞ በዚያ ቢላዋ ለሁለት እንደሚከፈል ድፎ ዳቦ ሆነ፦ በዚህ በኩል ንጋት፣ በዚያ በኩል ምሽት፣ በአንድ ጊዜ። ጊዜን ለሁለት መክፈል የሚችል ነገር ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ከዚህ በኋላ መናገር አያስፈልግም።

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይህን ግነት ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ግነት ነው፤ ነገር ግን እግሩ መሬት የረገጠ ግነት ነው። ማለዳ ላይ በትልቅ ጋራ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ማዶው ፈክቶ እሱ ገና በድንግዝግዝ ውስጥ እንደሚሆን ያውቃል። ገጣሚው የጨመረው ስለቱን ብቻ ነው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ስንኝ ከሁሉ ይበልጥ የሚገርሙኝ ናቸው፤ ምክንያቱም ተራራው ድንገት ወደ ሰውነት ይገባል። «ደረት ይታጠባል፣ ደመና በደመና ላይ ሲወለድ።» የማን ደረት? ግጥሙ አይናገርም። በጥንታዊ ቻይንኛ ግሥ ባለቤቱን በራሱ ላይ አይሸከምም፤ ገጣሚው ካልፈለገ «እኔ» ወይም «እሱ» ማለት አይገደድም፤ በዚህ ግጥም ውስጥም «እኔ» የሚል ቃል ከቶ የለም። ብዙዎቹ አንባቢዎች ደረቱ የገጣሚው ነው ይላሉ፦ ደመናው ሲነባበርና ሲናወጥ እያየ ልቡ አብሮ ይናወጣል። ደረቱ የተራራው ነው፣ ደመናው ከተራራው ወገብ ይፈልቃልና የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱን አልለያቸውም። ስንኙ የተሠራው እንዳይለዩ ሆኖ ነው፤ ተመልካቹ ይህን ያህል ሲያፈጥ ውሎ የሱ ደረት የቱ፣ የተራራው የቱ እንደሆነ ጠፍቶታል።

ቀጥሎ ዓይን አለ። «ጁዌ ዚ» ማለት የዓይንን ጠርዝ እስኪሰነጠቅ መበርገድ ነው። ሻካራ አነጋገር ነው፤ ለስላሳ የተፈጥሮ ግጥም ለሚጠብቅ ሰው ጆሮ ይቧጥጣል። ዓይኑን ይህን ያህል ያስበረገደው ምንድን ነው? ወፍ ነው። ወደ ማደሪያው የሚመለስ ወፍ ወደ ተራራው እየገባ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ ተመልካቹ እንዳይጠፋበት ዓይኑን ይበልጥ ይከፍታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተፈጽሟል። አንደኛ፣ ተራራው መለኪያ አገኘ፤ በሰፊ ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ማስቀመጥ ስፋቱን ከማንኛውም ቅጽል በላይ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ታወቀ። ወፍ ወደ ማደሪያው የሚገባው ሲመሽ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆሞ ውሏል ማለት ነው፤ እኛ ግን ስድስት ስንኝ ብቻ ነው ያነበብነው።

ቺንግ በተባለው የኋለኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ሊቅ ቺዩ ጃውአው የዱ ፉን ግጥሞች ሲያብራራ ይህን ግጥም በአራት እይታ ከፍሎታል፦ የመጀመሪያው ጥንድ ስንኝ ከሩቅ የታየ ቀለም፣ ሁለተኛው ከቅርብ የታየ ኃይል፣ ሦስተኛው በጥንቃቄ የታየ ዝርዝር፣ አራተኛው ደግሞ እይታ ጫፍ ሲደርስ የሚወልደው ስሜት። ከዚህ የተሻለ ካርታ አላውቅም።

አራተኛው እይታ በዓይን አይደለም። «ኹይ ዳንግ» የሚለው አነጋገር በታንግ ዘመን ሰው በዕለት ንግግሩ የሚጠቀምበት ነበር፤ ሳይሆን አይቀርም፣ ግድ ይሆናል፣ አንድ ቀን አደርገዋለሁ እንደ ማለት ነው። በጥንታውያን መንግሥታት ስም የተጀመረው ግጥም በወጣት አፍ ፉከራ ይጨርሳል፦ አንድ ቀን ከጫፉ ጫፍ እወጣለሁ፤ ያኔ ሌሎቹ ተራሮች ትንንሽ ይሆናሉ። የግጥሙ መዝጊያ ቃል «ሺያው» ነው፤ ትንሽ። ስለ ግዝፈት የተገጠመ ግጥም «ትንሽ» ብሎ ያበቃል። ታይ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በራሱ ሳይሆን ሌላው በሚያንሰው ልክ ነው።

ከዚህ ስንኝ ሥር አንድ ጥንታዊ ንግግር አለ። የኮንፊሽየስን ትምህርት በተከተለው ፈላስፋ በመንግዚ መጽሐፍ ውስጥ፣ ኮንፊሽየስ የምሥራቁን ተራራ በወጣ ጊዜ ሉ አነሰችበት፣ ታይን በወጣ ጊዜ ግን ዓለም ሁሉ አነሰበት ይባላል። የዱ ፉ አንባቢ ይህን ከልጅነቱ በቃሉ የያዘው ነው። ወጣቱ ታዲያ ከኮንፊሽየስ እኩል ቆሜ አያለሁ ማለቱ ነው? በከፊል አዎ፤ ድፍረቱ የሚያስፈግግ ነው። ነገር ግን ዓለምን አላለም። ተራሮችን ብቻ ነው ያለው። ፉከራው በልኩ ነው።

በሰምና ወርቅ ያደግን አንባቢዎች እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይገጥመናል። ፈተናውን የወደቀ ወጣት ስለ ጫፍ መውጣት ሲገጥም ተራራው ሰም፣ ሹመቱ ወርቅ ነው ብሎ መፍታት ይቀናናል። ነገሩ ስሕተት ነው አልልም፤ ቻይናውያን መምህራንም የመጨረሻውን ጥንድ ስንኝ የጽናትና የትልቅ ምኞት ቃል አድርገው ያስተምሩታል። ችግሩ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን መጣል ነው። በቅኔ ልማድ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣል፤ በዚህ ግጥም ግን ተራራው አይቀልጥም። ስድስት ሙሉ ስንኝ ስለ ቀለም፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ደመናና ስለ ወፍ ሲናገር ቆይቶ ሁሉን ለሹመት ምሳሌ ብናደርገው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያየውን ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ያሰባትን ሐሳብ ብቻ ሰማነው ማለት ነው።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበል። ግጥሙ በየሁለተኛው ስንኝ ቤት ይመታል፤ በዛሬው ቻይንኛ ሊያው፣ ሺያው፣ ኒያው፣ ሺያው ይላል። በዱ ፉ ዘመን አነባበቡ ሌላ ነበር፤ ቤት መምታቱ ግን ያው ነው። አማርኛ ግጥም ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆንበት የመካከለኞቹ ስንኞች ትይዩነት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ስም ከስም፣ ግሥ ከግሥ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፦ የሚሠራው ኃይል እና ዪን ያንግ፤ አከማቸ እና ቆረጠ፤ ውበትና ምሥጢር፣ ምሽትና ንጋት። አንዱ ስንኝ ይሰበስባል፣ ሌላው ይከፍላል። አምስተኛውና ስድስተኛውም እንደዚሁ ናቸው፦ ደረትና ዓይን፤ መወለድና መግባት፤ ደመናና ወፍ። ደመናው ከተራራው ይወጣል፣ ወፏ ወደ ተራራው ትገባለች። ተራራው የሚተነፍስ ይመስላል፤ ይህን ስሜት የሚሰጠው ግን አንድም የመተንፈስ ቃል ሳይሆን የሁለቱ ስንኞች አቀማመጥ ነው። ስምንት ስንኝ መሆኑና መካከሉ ትይዩ መሆኑ ሕጉ የጠበቀውን የታንግ ግጥም ያስመስለዋል፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ሕጉን ስለማይከተል ግን ከጥንታዊው ልቅ ዓይነት ይመደባል።

ዱ ፉ የመጀመሪያው የተራራና የወንዝ ገጣሚ አይደለም። በቻይና ይህ ዓይነቱ ግጥም ስሙ ራሱ «ሻንሹይ»፣ ተራራና ውኃ፣ ነው፤ አባቱ ተብሎ የሚጠራው ሺየ ሊንግዩን በ433 ከሞተ ወዲህ ዱ ፉ ድረስ 300 ዓመት አልፏል። ግዝፈትን የማሳያ መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። ሊ ባይ ሉ በሚባል ተራራ (ከሉ መንግሥት ጋር አይገናኝም) ያለውን ፏፏቴ ሲገጥም «ሦስት ሺህ ጫማ» ይወረወራል ይልና ፍኖተ ሐሊብ ከሰማይ የወደቀ መሰለኝ ይላል፤ ቁጥር ይጠራል፣ ይጋልባል፣ ሰማይን ያወርዳል። ዋንግ ጂኋን ደግሞ በ20 ቃል ብቻ ፀሐይን ከተራራ ጀርባ፣ ቢጫውን ወንዝ ወደ ባሕር ይሰድና፣ ከዚህ አርቀህ ማየት ከፈለግህ አንድ ፎቅ ጨምረህ ውጣ ብሎ ይዘጋል። ለጀማሪ አንባቢ ሊ ባይ ይቀላል፤ ወዲያው ይይዛል። ዱ ፉ ሁለተኛና ሦስተኛ ንባብ ይፈልጋል፤ ሲከፈት ግን ቶሎ አያልቅም።

ግጥሙ ለብቻው ቢነበብም ሙሉ ነው። ይሁንና ዱ ፉ «ዋንግ ዩዌ» በሚል በዚሁ ርእስ ሦስት ግጥም እንደገጠመ ማወቅ ንባቡን ያሰፋዋል፤ አንዱ ስለ ምሥራቁ ታይ፣ አንዱ ስለ ምዕራቡ ኋ፣ አንዱ ስለ ደቡቡ ኸንግ። በ755 የጦር አዛዡ የአን ሉሻን ዓመፅ ፈንድቶ አገሪቱን ስምንት ዓመት አናወጣት፤ ዱ ፉ ተሰደደ፣ ተያዘ፣ አመለጠ፣ ተሾመ፣ ከሹመቱ ዝቅ ተደረገ። ስለ ኋ ተራራ የገጠመው ከዚያ በኋላ፣ በ758 ገደማ፣ በ40ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ነው። እዚያ ላይ «ግድ እወጣለሁ» አይልም። ዘጠኝ አንጓ ያለውን የቅዱሳኑን በትር ከየት ባገኘሁና ተደግፌው በወጣሁ ይላል፤ ለመውጣትም የመጸው ነፋስ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል ይላል። በ20ዎቹ ዓይኑን እስኪሰነጠቅ የከፈተው ሰው አሁን ምርኩዝ ይፈልጋል፣ የአየሩን ጠባይ ያያል።

በ767 ደግሞ በያንግሴ ወንዝ ዳር በኩይጆው ሕመምተኛና ስደተኛ ሆኖ ከፍታ ላይ ብቻውን እንደወጣ የገጠመው አለ፤ ብዙ ሊቃውንት ከግጥሞቹ ሁሉ ያስበልጡታል። በዚያ ግጥም ቅጠሉ ይረግፋል፣ ወንዙ ይጎርፋል፣ የመጠጥ ጽዋው እንኳ ቀርቶበታል። ታይን እያዩ ይህን ማንበብ ይከብዳል፤ ግን ማንበብ ይገባል።

ታዲያ ታይን ወጣው? አዎ፣ ወጥቶታል። በዚያው በኩይጆው ዘመን ከመኖሪያው ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ግርጌ ሲወጣ በገጠመው ግጥም የጥንቱን ያስታውሳል፦ በምሥራቅ በዞረበት ወቅት፣ በመጸው መጨረሻ፣ በታይ ጫፍ የፀሐይ መመልከቻ በሚባለው ቦታ ቆሞ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ስምንቱንም አቅጣጫ እንዳየ፣ የባሕሩም ነፋስ ልብሱን እንዳራገበ ይናገራል። ከግርጌ ሆኖ ሲመኘው ግን ከላይ የሚታየው ተራሮች ሲያንሱ ነበር። ወጥቶ ያየውን ሲተርክ የሚያነሣው ሌላ ነው፦ ሜዳው ጠውልጓል፣ ገበሬው እርሻውንና የሐር ትል የሚመገበውን የቱት ዛፍ ትቷል። ያጠወለገውም ነፋስና ጤዛ አልነበረም ይላል፤ ሰዉ ለጠረፍ ጦርነት እየተመለመለ መወሰዱ ነው እንጂ።